ለየትኛው ፕሮሰሰር እንሥራ?

ኮምፓይለሩ የሚጠይቀው

በሲ ቋንቋ የጻፋችሁት ፕሮግራም የሚሠራው ኮምፓይለሩ ወደ ፕሮሰሰር ትዕዛዞች ከቀየረው በኋላ ነው። ሁሉም ፕሮሰሰር ግን የሚያውቀው ትዕዛዝ አንድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጡት የኤኤምዲ 64 ቢት ፕሮሰሰሮች ኤስኤስኢ2 የተባለውን የትዕዛዝ ስብስብ ያውቃሉ። ኤቪኤክስ2 የመጣው ከአሥር ዓመት በኋላ ከኢንቴል ሃስዌል ጋር ነው። ጂሲሲ የተባለው ኮምፓይለር ምንም ካልተነገረው አብዛኛውን ጊዜ ለቀድሞው ደረጃ ይሠራል። «ማርች ኔቲቭ» የሚለውን ምርጫ ስትሰጡት ግን የተቀመጠበትን ማሽን አይቶ፣ ያ ማሽን የሚያውቀውን ሁሉ ይጠቀማል።

የተማሪ ውጤት የሚደምር ፕሮግራም አለን እንበል። ቁጥሮቹ ባለ 32 ቢት ሙሉ ቁጥሮች ከሆኑ ኤስኤስኢ2 በአንድ ትዕዛዝ 4 ድምር ያወጣል፤ ኤቪኤክስ2 ደግሞ 8። ይህ ማለት ግን ፕሮግራሙ እጥፍ ይፈጥናል ማለት አይደለም፤ ቁጥሮቹ ከራም እስኪደርሱ ፕሮሰሰሩ ሥራ ፈትቶ ይጠብቃል። የአንድ ትምህርት ቤት ሮስተር ደግሞ በየትኛውም መንገድ ጣታችሁን ከቁልፉ ሳታነሱ ተደምሮ ያልቃል። ትርፉ ጎልቶ የሚታየው ቪዲዮ ሲጨመቅ ወይም ብዙ ፎቶ ሲስተካከል ነው።

ምንም የማይሠራው ትዕዛዝ

አረንጓዴና ነጭ ቀለም ያላቸውን፣ በአገራችንም ለተማሪዎች የታደሉትን ኤክስኦ ላፕቶፖች የምታስታውሱ ትኖራላችሁ። የመጀመሪያዎቹ 433 ሜጋኸርዝ የሚፈጥን ኤኤምዲ ጂኦድ ፕሮሰሰርና 256 ሜጋባይት ራም ነበራቸው። ይህ ፕሮሰሰር «ረጅም ኖፕ» የሚባለውን ትዕዛዝ አያውቅም። ረጅም ኖፕ ምንም አይሠራም፤ ኮምፓይለሮች በኮዱ መካከል ክፍተት ለመሙላት የሚያስገቡት ነው። ጂኦድ ግን እሱ ላይ ሲደርስ የማያውቀው ነገር ስለሚሆንበት ፕሮግራሙ እዚያው ይቋረጣል።

ነጻው የሊኑክስ ስርጭት ዴቢያን እ.ኤ.አ. በ2023 12ኛ ዕትሙን ሲያወጣ ይህን ትዕዛዝ የማያውቁ ፕሮሰሰሮችን መደገፍ አቆመ። ላፕቶፑ ይበራል፣ ቁልፎቹም ይሠራሉ፤ አዲሱን ዕትም ግን መጫን አይቻልም። የዴቢያን ሰዎች ለአሮጌ ፕሮሰሰር ሁሉ መሥራትና መፈተሽ ጉልበት እንደሚጨርስባቸው አውቃለሁ። ቢሆንም ደህና ማሽን በእንዲህ ያለ ምክንያት ከአገልግሎት ሲወጣ ያሳዝነኛል።

በስልክና በታብሌትም ያው ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 በወንጪና በወለንጪቲ ትምህርት ቤት ላልገቡ ልጆች በሙከራ የተሰጡት ሞቶሮላ ዙም ታብሌቶች ፕሮሰሰራቸው ቴግራ 2 ነበር። ቴግራ 2 ደግሞ በርካታ ቁጥሮችን አንድ ላይ የሚያሰላው ኒዮን የለውም። ጉግል ለአንድሮይድ የሚያቀርበው የሲ መሥሪያ እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ ኒዮን አለ ብሎ ኮድ ስለሚያወጣ፣ በዚያ የተሠራ ፕሮግራም በእነዚህ ታብሌቶች ላይ ሊቋረጥ ይችላል።

ማንቡክ ላይ

ለምሳሌ ማንቡክን እንውሰድ፤ በመተከል ዞን የዳንጉር ወረዳ ከተማ ናት፤ ከግልገል በለስ ወደ ጉባ፣ ወደ ህዳሴው ግድብ በሚወስደው መንገድ ላይ ትገኛለች። አዲስ አበባ ያለ ፕሮግራመር በአዲሱ ላፕቶፑ «ማርች ኔቲቭ» ብሎ የሠራውን ፕሮግራም በፍላሽ ወደ ማንቡክ ቢልክ፣ እዚያ ባለ የቆየ ኮምፒውተር ላይ የሚታየው «ኢሊጋል ኢንስትራክሽን» የሚል አንድ መስመር ብቻ ሊሆን ይችላል። ተጠቃሚው ፍላሹ ቫይረስ አለበት ብሎ ያስባል፤ ፕሮግራመሩም እኔ ጋ ይሠራል ይላል። ሁለቱም እስኪግባቡ ድረስ ቀናት ያልፋሉ።

በተመረተበት ዓመት መተማመንም አይቻልም። እ.ኤ.አ. ከ2013 በኋላ የወጡ ብዙ ርካሽ የኢንቴል ሴለሮንና ፔንቲየም ፕሮሰሰሮች ኤቪኤክስ2 የላቸውም። በጀቱ ያነሰ ትምህርት ቤት የሚገዛው ደግሞ እነዚህኑ ነው። ስለዚህ ማን እንደሚጠቀምበት ለማይታወቅ ፕሮግራም ዝቅተኛውን ደረጃ መምረጥ ይሻላል ባይ ነኝ። «ማርች ኔቲቭ» ተገቢ የሚሆነው ፕሮግራሙ ከተሠራበት ማሽን የማይወጣ ከሆነ ነው።

ፍጥነትንና ተስማሚነትን ማስታረቅ

ፍጥነት በእርግጥ ካስፈለገ፣ ብዙ ጊዜ የሚፈጀውን አንድ ፈንክሽን ብቻ በሁለት ወይም በሦስት ዓይነት ኮምፓይል አድርጎ እዚያው ፋይል ውስጥ ማስቀመጥ ይቻላል። ፕሮግራሙ ሲነሳ ፕሮሰሰሩን ጠይቆ የሚስማማውን ይመርጣል። የሊኑክስ መሠረታዊ የሲ ላይብረሪ ጂሊብሲ መረጃ የሚገለብጠውን ፈንክሽን የሚመርጠው በዚህ መንገድ ነው። ዕዳው የፋይሉ መጠን መጨመሩና እያንዳንዱ ዓይነት ለየብቻው መፈተን ያለበት መሆኑ ነው። ያልተፈተነው ዓይነት ስህተቱ የሚገኘው ተጠቃሚው እጅ ከገባ በኋላ ነውና ፈተናውን አትዝለሉት።

ኮምፒውተራችሁ ሊኑክስ ከሆነ ተርሚናል ላይ «ኤልኤስሲፒዩ» የሚለውን ትዕዛዝ በእንግሊዝኛ ጽፋችሁ አስገቡና «ፍላግስ» የሚለውን ረድፍ ፈልጉ። ኤቪኤክስ2 ካለ እዚያ ተዘርዝሮ ታገኙታላችሁ። ፕሮግራም የሚሠራላችሁ ሰው ካለ ሥራውን ሳይጀምር ያንን ረድፍ ገልብጣችሁ ላኩለት።