ማሲንቆው አይረጥብም?

ወልቂጤ ላደግን ልጆች «ወንዝ» ማለት ዋቤ ነው። ክረምት ሲገባ ደፍርሶ፣ የወደቀ ግንድ እየገፋ የሚወርደው ዋቤ። የከበደ ሚካኤልን «ታሪክና ምሳሌ» ያነበብኩት በኩራዝ ብርሃን፣ ሽፋኑ ከተገነጠለ ቅጂ ላይ ነበር። «አዝማሪና የውሃ ሙላት» ላይ ስደርስ ያ ወንዝ ዋቤ መሆኑን አልተጠራጠርኩም። ሙላት መንገድ የዘጋበት አዝማሪ ማሲንቆውን አንስቶ ውሃውን ያሞግሳል፤ ያሳልፈኛል ብሎ። አንድ ሰው መጥቶ ግን የዘፈንክለት ውሃ እኮ ሄዷል፣ አሁን የሚመጣው ዘፈንህን አልሰማም ይለዋል።

ባለፈው ክረምት ይህንኑ ግጥም ለሰባት ዓመቷ ልጄ አነበብኩላት። መብራት ጠፍቷል። የስልኬን መብራት ገጹ ላይ አድርጌያለሁ፤ እሷ ብርድ ልብስ ውስጥ ተጠቅልላ ዓይኗ ብቻ ይታያል። እኔ ወደ ቁም ነገሩ ልደርስ ስቸኩል እጄን ያዝ አደረገችኝ።

«አባዬ፣ ክረምት ነው አይደል? ማሲንቆው አይረጥብም?»

ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያን ግጥም በቃሌ ስለው ስኖር ስለ ማሲንቆው ቆዳ አንድም ቀን አስቤ አላውቅም። ቆዳው ከራሰ ይላላል፤ ድምፁም ይታፈናል። መጽሐፉን አጠፍኩትና ተመካከርን። አዝማሪውን ጋቢ አለበስነው፣ ዛፍ ሥር አስጠለልነው፤ ማሲንቆውንም ብብቱ ውስጥ አስገባንለት። ግጥሙን የጨረስነው በማግስቱ ማታ ነው።

ወላጆች ሆይ፣ በልጅነታችሁ የወደዳችሁትን መጽሐፍ ለልጃችሁ ስታነቡ እንዲህ ያለ ጥያቄ ጠብቁ፤ ሲመጣም ቁሙለት! ያ ጥያቄ ልጁ መጽሐፉን የራሱ እያደረገው መሆኑን ይነግራችኋል። የእናንተ ትዝታ በአዲስ ዓይን ሲታይ እንዴት ደስ እንደሚል ቀምሳችሁ እዩት።

ጊዜ የለም? ሱቁን ዘግቶ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ቤቱ የሚገባ አባት ምን ያህል እንደሚደክመው አውቃለሁ። አንድ አጭር ግጥም ግን ጫማ አውልቆ እግር ከመታጠብ የበለጠ ጊዜ አይወስድም። መጽሐፉ ጠፍቷል? አገር ቤት አልጋ ሥር ያለውን ሣጥን ክፈቱ፣ ታላቅ ወንድማችሁን ጠይቁ፣ አዲስ አበባ የሚመላለስ ዘመድ ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጮች እንዲፈልግላችሁ አደራ በሉት። ብታጡትም ተስፋ አትቁረጡ። ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ ሳን ፍራንሲስኮ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ሲሠሩ በአማርኛ የተጻፈ የልጆች መጽሐፍ ፈልገው አጡ። እሳቸው ግን የሞኙን የማሞን ተረት በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጽፈው እ.ኤ.አ. በ2002 አሳተሙ፤ በዓመቱ አዲስ አበባ ሾላ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ፤ ቀጥሎም ሐዋሳ ላይ መጽሐፍ የሞላ ጋሪ በአህያ አስጎትተው ወደ ልጆቹ ሄዱ።

መጽሐፉ በእጃችሁ ባይኖርም እንኳ አፋችሁ አለ። አፍ የፈታችሁበት ቋንቋም አለ። የአገራችን ልጅ ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም የሽነጋን መንደር ታሪክ መጀመሪያ የጻፉት በቸሃ ጉራጊኛ ነው፤ ቮልፍ ሌስላው ወደ እንግሊዝኛ መልሰውት እ.ኤ.አ. በ1964 አሜሪካ ታተመ። እናቶቻችን ምድጃ ዳር የሚያወሩበት ቋንቋ ያን ያህል መንገድ ተጓዘ።

ይህን እያሰብኩ ልጄን ከእናቷ ጋር ቡታጅራ፣ የእናቷ እናት ወደ ሆኑት አያቷ ወሰድኳት። እሷ የአዝማሪውን ነገር በአማርኛ አጫወተቻቸው። እሳቸው ቆጮውን በሙቁ እየቆረሱ ሰሟትና በመስቃን ጉራጊኛ መልሰው ተረኩላት፤ ቃሉ ሲያመልጣት እናቷ እያቀበለቻት። በአማማ ተረት አዝማሪው ርቦታል። ውሃው እስኪጎድል ድረስ ቤት አስገብተው ቆጮ በአይብ አበሉት፣ ማሲንቆውንም ምሰሶ ላይ ሰቀሉለት። ልጄ ይህን ስትሰማ ከደስታዋ ብዛት አጨበጨበች፤ የማሲንቆው ጉዳይ እስከዚያ ቀን ድረስ ከሐሳቧ አልወጣም ነበር።

ለመስቀል ዋቤ ድልድይ ላይ ስንደርስ መኪናውን ቀስ አድርግ አለችኝ። ወንዙ ገና ሙሉ ነው። አንገቷን አስግጋ አየችውና፣

«አባዬ፣ ይኼ አዲሱ ውሃ ነው? ገና አልሰማም?»

መስኮቱን ዝቅ አደረግኩላት።