ማሳሰቢያ፦ በላንቻ ቼስ ለምታወዳድሩ፣ ለምትጫወቱና ቆማችሁ ለምታዩ

የሰፈር ቼስ ውድድር ሰሌዳ ቢጎድለው ከጎረቤት ይዋሳል፣ ወንበር ቢያንሰው ከእድር ይመጣል። ሲያበላሸው የሚታየው ትውውቅ ነው። ዳኛው የተጫዋቹ ጎረቤት ነው፣ ተጫዋቹ የአዘጋጁ አብሮ አደግ፣ ከኋላ ቆሞ የሚያየው ደግሞ የሁሉም ወዳጅ። በመጀመሪያው ዙር አንዱ የነካውን ጠጠር መልሶ ሲያስቀምጥ «ተወው፣ የሰፈር ልጅ ነው» ይባላል። በሦስተኛው ዙር ሌላው ያንኑ ሲያደርግ ይከለከላል፤ ጠብ የሚነሣው ያኔ ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለውን ከመጀመሪያው ዙር በፊት ጮክ ብላችሁ አንብቡት፣ በር ላይም ለጥፉት። የጨዋታው ደንብ ዓለም አቀፉ የቼስ ፌዴሬሽን፣ ፊዴ፣ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራበት ሕግ ነው። የቀረው የሰፈሩ ጉዳይ ነው።

ለአዘጋጆች

የጨዋታውን ጊዜ በትክክል ጻፉ። «ራፒድ፣ 10 ደቂቃ» የሚል ማስታወቂያ አትለጥፉ፤ በሕጉ ለአንድ ተጫዋች 10 ደቂቃ ወይም ከዚያ በታች የሚሰጥበት ጨዋታ ብሊትዝ ነው። ራፒድ ከ10 ደቂቃ በላይና ከ60 ደቂቃ በታች ነው። በየእርምጃው የሚጨመር ሰከንድ ካለ በ60 ተባዝቶ ከመነሻው ጊዜ ጋር ይደመራል። የዓለም ራፒድ ሻምፒዮና የሚካሄድበት 15 ደቂቃ ከ10 ሰከንድ ጭማሪ ጋር 25 ደቂቃ ሆኖ ይቆጠራል ማለት ነው። 10 ደቂቃ ከ5 ሰከንድ ጋር ደግሞ 15 ደቂቃ ስለሚሆን ራፒድ ነው። ነገሩ የስም ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ሕገወጥ እርምጃ ሲፈጸም ለተበደለው የሚጨመረው ጊዜ በራፒድ 2 ደቂቃ፣ በብሊትዝ 1 ደቂቃ ነው።

ጭማሪ ሰከንድ የሌለው ሰዓት ብቻ ካላችሁ ለእያንዳንዱ 25 ደቂቃ ስጡና አንድ ነገር አስቀድማችሁ ወስኑ። ሁለቱም ንጉሥና ሩክ ብቻ ቀርቷቸው አንደኛው የሌላውን ሰዓት ለማስጨረስ ዝም ብሎ ወዲያ ወዲህ ሲል ምን ይደረጋል? ሕጉ ለዚህ መመሪያ 3 የሚባል ክፍል አለው፤ ከ2 ደቂቃ በታች የቀረው ተጫዋች ዳኛውን ጠርቶ አቻ እንዲባል መጠየቅ ይችላል። ነገር ግን መመሪያው እንደሚሠራ ከውድድሩ በፊት ካልተነገረ የለም ማለት ነው። እሪታው ከተነሣ በኋላ ማንም መጽሐፍ ገልጦ አያድናችሁም።

የቼስ ሰዓት ካጠረ በስልክ መተግበሪያ መጫወት ይቻላል። ስልኩ ግን የአዘጋጁ ይሁን እንጂ የተጫዋቹ አይሁን፤ ኤርፕሌን ሞድ ላይ ይደረግ፤ ባትሪውም ይሞላ። የአንዱ እናት በመካከል ደውላ ሰዓቱ ከስክሪኑ ሲጠፋ ማን ስንት ደቂቃ እንደነበረው የሚያስታውስ የለም።

ጥሎ ማለፍ አታድርጉት። ካዛንቺስ ከፈረሰ ወዲህ የድሮ ተጫዋቾቻችን ተበትነዋል፤ ገላን ጉራ ድረስ የሄዱ አሉ። ሁለት ታክሲ ይዞ የመጣን ሰው በአንድ ጨዋታ አሸንፎ መሸኘት ነውር ነው። የስዊስ ድልድል ተጠቀሙ፦ ማንም አይወጣም፣ በየዙሩ ተቀራራቢ ነጥብ ያላቸው ይገናኛሉ፣ ሁለት ሰዎች ሁለት ጊዜ አይገጥሙም። ለ32 ሰው 5 ዙር፣ ለ64 ሰው 6 ዙር ይበቃል። ቁጥሩ ጎዶሎ ሲሆን ተጋጣሚ ያጣው ሳይጫወት ነጥብ ያገኛል፤ ያው ሰው ግን ሁለት ጊዜ አያገኝም። ይህንንም ለተጫዋቾች ንገሩ፣ አለዚያ «በዘመድ ነው» ይባላል።

ሰዓቱን አስሉ። በ15 ደቂቃና በ10 ሰከንድ የሚደረግ አንድ ጨዋታ 60 እርምጃ ከሄደ እስከ 50 ደቂቃ ሊወስድ ይችላል፤ ቀጣዩን ድልድል ለማውጣትና ሰው ለመሰብሰብ አሥር ደቂቃ ጨምሩ። አምስት ዙር አምስት ሰዓት ነው፣ ምሳ ሳይቆጠር። እሁድ ከሆነ ከቅዳሴ የሚመለሱትን ጠብቃችሁ ከረፋዱ 4 ሰዓት ጀምሩ፤ በጾም ወቅት ደግሞ ጿሚ እስከ ስንት ሰዓት እንደሚቆይ ጠይቃችሁ የምሳውን ሰዓት አስተካክሉ። የዘገየ ሰው ጉዳይም ይጻፍ። ሕጉ የመዘግያ ጊዜ ካልተወሰነ በሰዓቱ ያልደረሰ ተሸናፊ ነው ይላል። በአዲስ አበባ መንገድ ይህ ጭካኔ ነው፤ የኔ ምክር አሥር ደቂቃ ነው፣ የሚቆጠረውም ከራሱ ሰዓት ላይ ነው።

አዳራሹን ስትመርጡ ጀርባውን ለአስፋልቱ የሰጠ ይሁን። ከላንቻ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ባለ ክፍል «ሳሪስ! አቦ! ቃሊቲ!» የሚለው የረዳት ጥሪ ከቼክሜት በላይ ይሰማል። ተማሪ የሚገኘው ክረምት ላይ ነው፤ ፊዴ የተመሠረተበት የዓለም የቼስ ቀንም ሐምሌ 13 ላይ ይውላል። ክረምት ግን ዝናብ ነው። የወጣቶች ስብዕና መገንቢያ ማዕከሉ ጣሪያ ቆርቆሮ ብቻ ከሆነ ከሰዓት በኋላ ዳኛው ቢጮህም የሚሰማው የለም፤ የውጤት ወረቀት ይዞ በየሰሌዳው መዞር አለበት። መብራት ቢሄድ ድልድሉ እንዳይቆም የእያንዳንዱን ተጫዋች ስም፣ ነጥብና ቀለም የያዘ ካርድ በእጅ ጻፉ። ካርዱ ካለ ላፕቶፕ ቢዘጋም ጉዳት የለውም።

«ሬቲንግ ያስገኛል» አትበሉ፣ ካላስገኘ። ፊዴ ለራፒድ የተለየ ሬቲንግ ማውጣት የጀመረው በ2012 እ.ኤ.አ. ነው፤ ውድድሩ ግን አስቀድሞ በአገሪቱ ፌዴሬሽን በኩል ካልተመዘገበ የሰፈር ውጤት የሰፈር ሆኖ ይቀራል። እንዲያም ሆኖ ደስ ይላል።

ለተጫዋቾች

የነካችሁትን ተጫወቱ። ጠጠር ለማስተካከል ከሆነ ከመንካታችሁ በፊት «ላስተካክል» በሉ፤ ከነካችሁ በኋላ የሚነገር «ላስተካክል» አይቆጠርም።

ጠጠሩን ባንቀሳቀሰው እጅ ሰዓቱን ምቱ። ካስሊንግ ስታደርጉ ንጉሡን መጀመሪያ ንኩ፣ በአንድ እጅ ብቻ። በሁለት እጅ ተጫውቶ ሰዓት መምታት እንደ ሕገወጥ እርምጃ ይቆጠራል።

«ቼክ» ማለት ግዴታ አይደለም። ይህን የሰፈር ልጅ ሁሉ ይከራከርበታል፣ ግን ሕጉ እንዲህ ነው፤ ንጉሥህን መጠበቅ ያንተ ሥራ ነው። ንጉሥ መብላትም የለም። ተጋጣሚህ ንጉሡን ለጥቃት አጋልጦ ሰዓት ቢመታ ንጉሡን ብድግ አድርገህ «በላሁት» አትበል፤ ይህ ራሱ ሕገወጥ ነው። ሰዓቱን አቁመህ ዳኛ ጥራ። ለመጀመሪያው ጥፋት ላንተ 2 ደቂቃ ይጨመርልሃል፤ ያው ሰው ሁለተኛ ካጠፋ ይሸነፋል። በሰፈር ውድድር አንድ ዳኛ አሥር ሰሌዳ ስለሚያይ ጥሰቱን አንተ ራስህ ካልጠየቅህ ማንም አይጠይቅልህም። ቀጣዩን እርምጃ ከተጫወትህ ደግሞ ጉዳዩ አለፈ፣ እርምጃው ጸና።

ወታደር መጨረሻው መስመር ሲደርስ ንግሥት ከሌለ ቆርኪ አታስቀምጡ። ቆርኪ ለዳማ ነው። ሩክ መገልበጥም ይቅር፤ የተገለበጠ ሩክ በሕግ ፊት ሩክ ነው እንጂ ንግሥት አይደለም። ሰዓቱን አቁማችሁ ከዳኛው ንግሥት ጠይቁ፣ ይህ መብታችሁ ነው።

ጠጠሮች በስህተት ተደርድረው ጨዋታው ከተጀመረ፣ ንጉሥና ንግሥት ተለዋውጠው ለምሳሌ፣ ሁለታችሁም አሥር እርምጃ ከመሄዳችሁ በፊት ተናገሩ። ከዚያ በኋላ አቤቱታ የለም።

ሰዓት ያለቀበት ተሸናፊ ነው፤ ነገር ግን ተጋጣሚው በየትኛውም ሕጋዊ አካሄድ ማት ሊያደርገው የማይችል ከሆነ፣ ለምሳሌ ንጉሥ ብቻውን ከቀረው፣ ጨዋታው አቻ ነው።

ስልክ ጠፍቶ ለአዘጋጁ ይሰጥ። በሕጉ የጮኸ ስልክ ያሸንፋል፣ ባለቤቱን።

ለልጅና ለአዋቂ ግጥሚያ

የስዊስ ድልድል ዕድሜ አይጠይቅም። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ የአባቱን እኩያ ሊገጥም ይችላል፣ ሊያሸንፈውም ይችላል። ችግሩ ሽንፈቱ ላይ አይደለም፤ ሽማግሌው ፈረሱን ነክተው ሐሳባቸውን ሲቀይሩ ልጁ ምን ይበል? «ጋሼ፣ ነክተዋል» ብሎ መናገር በኛ ቤት ያደገ ልጅ ይከብደዋል፤ ቢናገርም «አንተ ልታስተምረኝ ነው?» ሊባል ይችላል።

ስለዚህ ልጆች ይህን ልመዱ፦ አትከራከሩ። ራሳችሁ ጠጠር ከመንካታችሁ በፊት ሰዓቱን አቁሙ፣ እጅ አውጡ፣ ዝም በሉ። ቃሉን ዳኛው ይናገር፦ «ጋሼ፣ ሕጉ ነው፤ ፈረሱን ያንቀሳቅሱ።» ዳኛ ሆይ፣ አንተም ይህን ስትል አትሳቅ፣ ይቅርታም አትጠይቅ። አክብሮቱ በ«አንቱ»ው ውስጥ አለ። ዳኛው ያላየው ነገር ከሆነና ምስክር ከሌለ ጨዋታው ይቀጥላል፤ ይህም ለልጁ አስቀድሞ ይነገረው፣ ሕግ ሁልጊዜ እውነትን እንደማያገኝ ከወዲሁ ይወቅ።

አዋቂዎች፣ ከተሸነፋችሁ እጅ ጨብጡ። «አላየሁትም እንጂ» አትበሉ፤ ሁሉም ያላየውን ነው የሚሸነፈው። ወላጆች ልጃችሁ ሲጫወት ከኋላው አትቁሙ። የእናት ትንፋሽ ሲለወጥ ልጅ ያውቃል፣ ተጋጣሚውም ያውቃል። ሴት ልጆች በየውድድሩ ሁለት ሦስት ብቻ ሆነው ሲመጡ ለብቻ አንድ ሽልማት መስጠት ጥሩ ነው፤ ከሽልማቱ በፊት ግን ከኋላቸው ሆኖ «በሴት ተሸነፍክ» የሚለውን ዝም አሰኙ።

ቆማችሁ ለምታዩ

ከሁሉም ከባዱ እናንተ ናችሁ፤ ይህ ደግሞ የቆየ ነገር ነው። የቀድሞው የኢትዮጵያ ቼስ፣ ሰንጠረጅ፣ ወረራ በሚባለው መክፈቻው ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ በአንድ ጊዜ የሚያንቀሳቅሱበት፣ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ማንም ማንንም የማይጠብቅበት ጨዋታ ነበር። የታሪክ ምሁሩ ሪቻርድ ፓንክኸርስት በ1971 እ.ኤ.አ. ስለ ታሪኩና ስለ ደንቡ ጽፈዋል። በዙሪያው የተቀመጠው ሰውም እንደ ልቡ ይመክር፣ ይነቅፍ፣ ይሳለቅ ነበር። ዛሬ በየሰፈሩ ዳማ ላይ የምንሰማው «እሱን ብላ እንጂ! ዕውር ነህ?» የዚያ ልማድ ልጅ ይመስለኛል። ዳማ ላይ ይሁን፤ ያለ ተሳዳቢ ዳማ ጣዕም የለውም።

ራፒድ ላይ ግን አይሆንም። አታንሾካሹኩ። አትሳቁ። «እ!» አትበሉ፤ አንድ «እ!» አንድ ንግሥት ታድናለች። በሌላ ሰሌዳ የምትጫወቱም ተራችሁን ጨርሳችሁ ስትዞሩ ይህ ይመለከታችኋል። ጥሰት ካያችሁ ለዳኛው ብቻ፣ በጆሮው። የሰዓት ማለቅን መናገር የተጫዋቾቹና የዳኛው ነው፤ «ሰዓትህ አለቀ!» ብሎ የሚጮህ ተመልካች አንድ ጊዜ ይነገረዋል፣ ሁለተኛ ከአዳራሹ ይወጣል። ይህን ለማስፈጸም ዳኛውን አትጠብቁ፤ የማያፍር አንድ ሰው በር ላይ አቁሙ። እያንዳንዱ ሰፈር እንዲህ ያለ ሰው አለው።

ለመዝናናት ለሚፈልግ ውጭ፣ ከአዳራሹ ራቅ ብሎ፣ ሁለት ሰሌዳ ዘርጉ። ያለቀውን ጨዋታ እዚያ ደግማችሁ ተከራከሩበት፤ ምክር ሁሉ እዚያ ይፍሰስ።

ስለ ሽልማት

እኩል ነጥብ ሲመጣ በምን እንደሚለይ በማስታወቂያው ላይ ይጻፍ። የተለመደው ቡኽሆልዝ ነው፦ የገጠማችኋቸው ሰዎች ሁሉ ያገኙት ነጥብ ይደመራል፣ ጠንካራ ተጋጣሚ ያጋጠመው ይቀድማል። በመጨረሻው ዙር ስሌቱን መጀመሪያ የሚሰማ ሰው ተጭበርብሬያለሁ ማለቱ አይቀርም። ውጤቱን ከነስሌቱ ግድግዳ ላይ ለጥፉ፣ ለቅሬታም ግማሽ ሰዓት ስጡ፣ ከዚያ ዝጉት።

ገንዘቡ በዚያው ቀን ይከፈል። የተሰበሰበው መዋጮ ስንት እንደሆነ፣ ለአዳራሽ፣ ለሻይና ለሽልማት ስንት እንደወጣ ያው ግድግዳ ላይ ይጻፍ። ስፖንሰር ቃል ገብቶ ካልሰጠ ተጫዋቾች ከመመዝገባቸው በፊት ንገሯቸው፤ ያለ ሽልማት የሚጫወት ሞልቷል።

ከመሄዳችሁ በፊት በየሣጥኑ 32 ጠጠር መኖሩን ቁጠሩ፤ የተዋሳችሁትን ሰሌዳ ማክሰኞ ሳይሆን ሰኞ መልሱ።