የቀድሞዎቹ ባንዶች መድረኩን ዛሬም ለምን ያዙት?

በሠርግ አዳራሽ ወይም በተማሪዎች ምሽት አንድ ወጣት ድምፃዊ የራሱን ዘፈን ሲጀምር ብዙዎቻችን ወደ ጠረጴዛችን እንመለሳለን። የጥላሁን ገሠሠን ወይም የማሕሙድ አሕመድን ሲያነሣ ግን ከእናቶቻችን ጋር እስክስታ ልንወርድ እንነሣለን። «የድሮው ስለሚበልጥ ነው» ብለን ከማለፋችን በፊት ምክንያቱን እንመርምር። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አንደኛው ምክንያት ሥራ ነው። የቀድሞዎቹ ባንዶች ቋሚ መድረክ ነበራቸው። ዋልያስ ባንድ በአዲስ አበባ ሒልተን፣ አይቤክስ ባንድ በራስ ሆቴል ይጫወቱ ነበር። ከአይቤክስ የወጣው ሮሃ ባንድም በ1980ዎቹ ለብዙ ድምፃውያን ካሴት አጅቧል። ማታ ማታ አብሮ የሚጫወት ሰው የጓደኛውን ትንፋሽ ያውቃል። አንድ መድረክ ለማግኘት ሳምንታት የሚጠብቅ ወጣት ይህን ልምድ ከየት ያመጣዋል?

ሁለተኛው ሰንሰለቱ መበጠሱ ነው። ከ1974ቱ አብዮት በኋላ የሰዓት እላፊ የምሽቱን ሕይወት አዳከመው። የሸክላ አሳታሚው ዐምሃ እሸቴ በ1975 አገር ለቀቀ። ዋልያስ በ1981 ወደ አሜሪካ ሄዶ ከአባላቱ ከፊሎቹ እዚያው ቀሩ። እያደር የሙሉ ባንዱን ቦታ ኪቦርድ ያዘው። ለደጋሹ ረከሰለት፤ ለከበሮ መቺውና ለሳክስፎን ተጫዋቹ ግን የመማሪያው ቦታ ጠበበ።

ሦስተኛው ዳግም ኅትመት ነው። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በፈረንሳይ የወጣው «ኢትዮፒክስ» የዚያን ዘመን ቅጂዎች ለዓለም አዳረሰ። በዋሽንግተን ታክሲ ይነዳ የነበረው ኃይሉ መርጊያም የ1985 ካሴቱ በ2013 እንደገና ሲታተምለት ወደ ዓለም መድረክ ተመለሰ። ክብሩ ይገባዋል። ነገር ግን ከዚያ ዘመን ለእኛ የደረሰው ተጣርቶ የቀረው ነው፤ ደካማው ተረስቷል። ወጣቱ የሚመዘነው ገና ሳይጣራ፣ ከተጣራው ጋር ነው።

አራተኛው እኛው አድማጮቹ ነን። የምናውቀውን ዘፈን ብቻ እንጠይቃለን፤ ያልሰማነውን ደግሞ ልናውቀው አንችልም።

ታዲያ የድሮውን እንተው ማለት ነው? አይደለም። አስቴር ራዳ የሙሉቀን መለሰን «ናኑ ነይ» በራሷ መንገድ ተጫውታ፣ ከጎኑ የራሷን ዘፈኖች አሰምታናለች። የድሮው ለአዲሱ በር ሊከፍት ይችላል።

ስለዚህ ለሚቀጥለው የስግድ ምሽት ስንዘጋጅ ሁለት ነገር እናድርግ፦ ለወጣቶቹ ባንድ የልምምዱን ጊዜ ጭምር እንክፈል፤ የራሳቸውን ሦስት ዘፈን ሲጫወቱም ከመድረኩ ፊት እንቁም። ዛሬ አዲሱን ካልሰማን፣ ልጆቻችን «የድሮ» ብለው የሚያነሡት የእኛ ዘመን ዘፈን አይኖራቸውም።