ምዕራፍ ስድስት፦ ጣሪያውን ይተዉ፣ ሞተሩን ይግዙ

አትላስ አካባቢ ከሚገኙት የመኪና መሸጫዎች ወደ አንዱ የገባ ገዢ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ፉል ነው?» ብሎ ነው። ሻጩም «ፉል ነው፣ ምን ይጎድለዋል!» ይላል። ከዚያ ጣሪያው ይከፈታል፣ ወንበሩ ብቻውን ይንቀሳቀሳል፣ ትልቁ ስክሪን ይበራል። ስለ ሞተሩ ጉልበትና ስለ ባትሪው መጠን የሚጠይቅ እምብዛም የለም። ጉልበት ያለው መኪና የሚፈልግ ሰው ጥያቄውን ገልብጦ «ነገ ገንዘብ ባገኝ እንኳ ልጨምርበት የማልችለው ምኑን ነው?» ማለት አለበት።

ሞተሩን፣ ባትሪውን፣ ፍሬኑንና ሰስፔንሽኑን ነው። ቆዳ ወንበር፣ ድምፅ ማጉያ፣ የኋላ ካሜራ፣ የሚያምር ቸርኬ ሁሉም ከተማው ውስጥ ይገጠማል። ሁለተኛ ሞተር ግን የሚገጥምልዎ ጋራዥ አያገኙም። ስለዚህ የኃይለኛው መኪና ዝቅተኛ ደረጃ ከደካማው መኪና ፉል ኦፕሽን ይሻላል። ይህን ለብዙ ሰው ተናግሬ የሰሙኝ ጥቂቶች ናቸው፤ የቀሩት ጣሪያው ሲከፈት አይናቸው እዚያው ቀርቷል።

አምራቾቹም ቢሆኑ ከደሙ ንጹሕ አይደሉም። የቢኤምደብሊው «ኤም ስፖርት» ወይም የመርሴዲስ «ኤኤምጂ ላይን» የተጻፈበት መኪና በአብዛኛው የለወጠው ልብሱን ነው፦ መከላከያውን፣ መሪውን፣ ቸርኬውን። ሞተሩ የተራው መኪና ሞተር ነው። እውነተኛው ኤም ወይም ኤኤምጂ ሌላ መኪና፣ ሌላ ዋጋ ነው። በዚህ ላይ ጽሑፉ ብቻውን ሶማሌ ተራ ሄዶ የሚገዛ ነገር መሆኑን አይርሱ።

በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ማስገባት በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ ገበያው የኤሌክትሪክ ሆኗል። ስለዚህ ምሳሌዬን በየመንገዱ ከምናየው ከቮልስዋገን አይዲ 4 ክሮዝ ልውሰድ። ፒዩር የሚባለው ትንሹን ባትሪ ይይዛል። ፕሮ ትልቁን ባትሪ ይዞ ከኋላ ባለ አንድ 150 ኪሎዋት ሞተር ይነዳል። ፕራይም ያንኑ ትልቅ ባትሪ ይዞ ፊት ላይ ሌላ ሞተር ይጨምራል፤ ጉልበቱም 230 ኪሎዋት ገደማ ይደርሳል። ሻጭ የማይነግርዎ ነገር አለ፦ ፕራይም በአንድ ቻርጅ የሚሄደው ከፕሮ ያነሰ ነው። ሁለተኛው ሞተር ክብደት አለው፣ ኤሌክትሪኩን የሚጠጣውም ከዚያው ባትሪ ነው። ፍጥነት የሚወድ ፕራይምን ይግዛ። ቤተሰብ ይዞ ሐዋሳ የሚመላለስ ሰው ፕሮ ይበቃዋል፣ ይተርፈዋልም። በቢዋይዲ ሲጋል ደግሞ ነገሩ ይለያል። ዝቅተኛውም ከፍተኛውም ሞተራቸው 55 ኪሎዋት ነው፤ ጭማሪ የሚከፈለው ለባትሪው ነው፣ ከ30 ወደ 38.9 ኪሎዋት-ሰዓት። በቻይናው መለኪያ 305 እና 405 ኪሎሜትር ይሄዳሉ ቢባልም መለኪያው ለጋስ ስለሆነ ከላዩ ቀንሰው ያስቡ።

አንድ የማውቀው የባንክ ሠራተኛ አለ። ረጋ ያለ፣ ብር የሚቆጥር ሰው ነው። የቦሌውን ቤት ኪራይ ለዓመታት አጠራቅሞ፣ ከሚስቱ ወርቅም ጨምሮ መኪናውን በፕራይም ዋጋ ገዛ። ከኋላው ተጽፎበታል፣ ጣሪያው መስታወት ነው፣ ደላላውም በእናቱ ስም ምሏል። ከወራት በኋላ ጎማ ሊያስተካክል ወስዶት መካኒኩ ከፍ አድርጎ ከሥር ሲያየው ፊት ላይ ሞተር የለም። ወደ ሻጩ ሮጠ። ሻጩ ውሉን አወጣ፦ «አይዲ 4 ክሮዝ፣ ነጭ» ይላል፣ ሌላ ምንም የለበትም። ጠበቃ አማከረ፣ ሽማግሌ ላከ፣ በመጨረሻ ጥቂት ብር ተመልሶለት ዝም አለ። ሚስቱ ግን እስካሁን ዝም አላለችም።

ለዚህ ያለኝን መድኃኒት በዝርዝር ልንገርዎ፤ ገንዘብ አያስወጣም። የቻይና ገበያ የኤሌክትሪክ መኪኖች አካል ላይ፣ አብዛኛውን ጊዜ በሩ ሲከፈት ምሰሶው ላይ፣ የፋብሪካ ሰሌዳ አለ። ጽሑፉ ቻይንኛ ስለሆነ አይደንግጡ፣ ቁጥሮቹና የመለኪያ ምልክቶቹ የሁላችን ናቸው። መጀመሪያ የኪሎዋት ምልክት ያለበትን ይፈልጉ፤ የሞተሩ ከፍተኛ ጉልበት እሱ ነው። ሁለት ሞተር ካለው ሁለት ቁጥር ያያሉ። ቀጥሎ የባትሪውን ቮልትና አምፒር-ሰዓት ስልክዎ ላይ ያባዙ። ለምሳሌ 350 በ240 ሲባዛ 84,000 ይሆናል፤ ሦስቱን ዜሮ ሲያነሱ 84 ኪሎዋት-ሰዓት፣ ማለትም ትልቅ ባትሪ ነው። 50ዎቹ ውስጥ ከወጣ ትንሹን ነው የያዙት፣ ሻጩ ምንም ቢምል። ሰሌዳውን ፎቶ አንሥተው የቻሲ ቁጥሩን ከዲክላራሲዮኑ ጋር ያመሳክሩ። ሰሌዳው ከተፋቀ ወይም ከተነቀለ ስለ ዋጋ መነጋገር ትተው ይውጡ።

እዚህ ላይ ስለ አዲስ አበባ አንድ ነገር ልጨምር። ከተማችን ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ናት፤ አየሩ ከጅቡቲ ወደብ አየር በአንድ አምስተኛ ገደማ ይሳሳል። ቱርቦ የሌለው የነዳጅ ሞተር ጉልበቱ በዚያው ልክ ይወርዳል። አሜሪካ ያለ ዘመድዎ የ2018ቱን ሙስታንግ ጂቲ 460 የፈረስ ጉልበት እያነሣ ቢኮራብዎ፣ ያ መኪና እዚህ ቢመጣ መቶ ያህሉን እንደሚያጣ ይንገሩት። ዝቅተኛው ባለ ቱርቦ ኢኮቡስት 310 ነው፤ ቱርቦው ግን ከሳሳው አየር ጋር ስለሚታገልለት የሚያጣው ያነሰ ነው። የኤሌክትሪክ ሞተር ደግሞ አየር ስለማይፈልግ እንጦጦ ዳገት ላይም ጉልበቱ ያው ነው።

ይህ ሁሉ ጉልበት ለምን ይሆን? የአዲስ–አዳማ ፍጥነት መንገድ እንኳ ወሰኑ 120 ነው። ሌሊት በቦሌ መንገድ የሚጋልቡትን ልጆች ሳይ የአባቶቻቸው ገንዘብ ያሳዝነኛል፤ ከገንዘቡም ይልቅ ዜብራው ላይ የቆመው ሰው። ሠርግ ላይ የሰልፉ ርዝመት፣ ካፌ በር ላይ ቁልፉ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥበት አቀማመጥ፣ «ፉል ነው» የሚለው ኩራት ከየት እንደ መጣብን አላውቅም። ድሮ በዲኤክስ ሠርጉን የደገሰ ሰው ትዳሩ አልፈረሰም።

ስለ ጎማና ቸርኬ፦ ዝቅተኛው ደረጃ ብዙ ጊዜ ትንሽ ቸርኬና ወፍራም ጎማ ይዞ ይመጣል። ለእኛ ጉድጓድ እሱ ይሻላል።

ውሉ ላይ ደረጃው በስሙ፣ የሞተሩ ኪሎዋት፣ የባትሪው ኪሎዋት-ሰዓትና የቻሲ ቁጥሩ ይጻፉ፤ ከሰሌዳው ልዩነት ከተገኘ ሻጩ ገንዘቡን ሙሉ በሙሉ እንደሚመልስ የሚል አንድ መስመርም ይጨመር። «ይህ ያስፈልጋል እንዴ? እኔን አታምነኝም?» የሚል ሻጭ ካጋጠመዎ ሌላ ሻጭ አይጠፋም፤ ከአትላስ ወደ ሃያ ሁለት የሚወስደው መንገድ ረጅም አይደለም።