ከጉቶ ያቆጠቆጠ ባሕር ዛፍን በሌዘር ስካነር መለካት፦ ያልታዩ ግንዶች ጉዳይ

በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ ኢትዮጵያ የገባው ባሕር ዛፍ ከተቆረጠ በኋላ ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል። በአንድ ጉቶ ላይም ብዙ ግንዶች ተጠጋግተው ያድጋሉ። ለማገዶና ለአጣና አምራቹ በረከት የሆነው ይህ ጠባይ ለሌዘር ስካነር ዋነኛ ፈተና ነው።

በባለሦስት እግር ማቆሚያ ላይ የሚተከለው ስካነር ጨረር ወደ ዙሪያው እየላከ፣ ጨረሩ ነጥሮ ከሚመለስበት ጊዜ ርቀትን ያሰላል። በዚህ መንገድ በሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ነጥቦች ይሰበሰባሉ። ከመሬት 1.3 ሜትር ከፍታ ላይ ያሉት ነጥቦች ተለይተው ክብ ሲገጠምላቸው የደረት ከፍታ ዲያሜትር ይገኛል። ተራርቆ በተተከለና ቅርንጫፉ በተመለመለ ደን ውስጥ ዘዴው እምብዛም አያስቸግርም።

ሌዘር ግን እንጨትን አልፎ አያይም። በከፊል የተጋረደ ግንድ ቢያንስ ቅስት ይተዋል፤ ፈጽሞ የተጋረደው በመረጃው ውስጥ የለም። ተጣብቀው የቆሙ ሁለት ግንዶች እንደ አንድ ወፍራም ግንድ ሊነበቡ ይችላሉ። ከነጭ ባሕር ዛፍ ላይ ተልጦ የሚንጠለጠለው ቅርፊትም ክቡን ያሰፋዋል። የግንዱ ቅጥነት ስሕተቱን ያጎላዋል፦ 10 ሴንቲ ሜትር የሆነው ዲያሜትር 11 ተብሎ ቢነበብ የግንዱ አግድም ቁርጥ ስፋት በ21 በመቶ ይጋነናል፤ በ40 ሴንቲ ሜትር ግንድ ላይ ያው የ1 ሴንቲ ሜትር ስሕተት 5 በመቶ ያህል ብቻ ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚከፋው በትክክለኛነት ስሌት ውስጥ የማይታየው ጉድለት ነው። የዲያሜትር ስሕተት የሚሰላው የስካነሩንና የእጅ ልኬቱን ውጤት ጥንድ ጥንድ አድርጎ በማነጻጸር ነው። ስካነሩ ያላገኘው ግንድ ጥንድ ስለሌለው ከስሌቱ ይወጣል። ከአሥር ግንዶች ሦስቱ ቢቀሩ፣ የሰባቱ ልኬት በሚሊ ሜትር ቢስማማ እንኳ፣ የእንጨቱ መጠን ያንሳል። ዛፉ በቁሙ ሲሸጥ ወይም የካርቦን ክምችቱ ሲገመት ኪሳራው በባለቤቱ ላይ ያርፋል፤ ሪፖርቱ ግን ያማረ ይሆናል።

ስካነሩን በበርካታ ቦታዎች ማቆም ግርዶሹን ይቀንሳል እንጂ አያጠፋውም፤ በተለይ በጉቶው መካከል ለሚበቅሉት ግንዶች። ስለዚህ በየናሙና ቦታው በእያንዳንዱ ጉቶ ላይ ያሉት ግንዶች አስቀድመው በእጅ ሊቆጠሩ፣ የቀሩት ግንዶች ድርሻም ከዲያሜትር ስሕተቱ ጎን ሊጻፍ ይገባል። ያን ያህል ውድ መሣሪያ ተሸክሞ ዳገት ለወጣ ቡድን ጠመኔ የያዘ አንድ ቆጣሪ መጨመር አይከብደውም።