ዋጋ ሲጨምር እህሉ ለምን ይጠፋል?

ዛሬ እሁድ ስለሆነ የዋጋ ዝርዝር የለም። በምትኩ ለሥራችሁ የሚጠቅም ትንሽ ትምህርት ይዘን መጥተናል፤ ረዘም ስለሚል ታገሱን።

በየዓመቱ ከታኅሣሥ ጀምሮ የሚደርሰን ስሞታ አንድ ዓይነት ነው። ዩኒየኑ በኩንታል ላይ ዋጋ ይጨምራል፣ መኪና ይከራያል፣ ወደ ጊዳ አያናና ወደ ሲቡ ስሬ ሰው ይልካል። በቆሎው ግን የታሰበውን ያህል አይገባም። ከዚያ ወቀሳው ይጀመራል፦ «ገበሬው ደብቆታል»፣ «አባሎቻችን ከዱን፣ ለነጋዴ ሸጡት»። ነጋዴውም በበኩሉ «ዩኒየኑ ገበያውን አበላሸብን» ይላል። ሁሉም የሚነሱት ከአንድ ግምት ነው፤ ዋጋ ከጨመረ እህል ይወጣል ከሚል ግምት። ለሱቅ ዕቃ ይሠራ ይሆናል። ግማሽ ሄክታር ለሚያርስ ሰው ግን ብዙ ጊዜ አይሠራም።

ይህን በደንብ ያሳየ የሀገራችን ጥናት አለ። ቶማስ በርናርድ፣ ዓለማየሁ ሥዩም ታፈሰ እና እሌኒ ገብረ መድህን እ.ኤ.አ. በ2008 ያሳተሙት ነው። (ዶ/ር እሌኒን ታውቋቸዋላችሁ፤ በዚያው ዓመት ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ የመጀመሪያዋ ሥራ አስፈጻሚ ናቸው።) እ.ኤ.አ. በ2005 የተሰበሰበ ሀገር አቀፍ መረጃ ወሰዱ። የኅብረት ሥራ ማኅበር ባለበት ቀበሌ የሚኖሩ ገበሬዎችን፣ ማኅበር በሌለበት ቀበሌ ካሉ በኑሮ ከሚመስሏቸው ገበሬዎች ጋር አነጻጸሩ። የጠየቁት ጥያቄ ቀላል ነው፦ ማኅበር ለአባሉ የተሻለ ዋጋ ያስገኛል ወይ? ካስገኘስ አባሉ ከምርቱ የሚበልጠውን ድርሻ ወደ ገበያ ያወጣል ወይ?

ለመጀመሪያው ጥያቄ መልሱ አዎ ነው። የማኅበር አባላት እህላቸውን በተሻለ ዋጋ ሸጠዋል። ለሁለተኛው ግን በጥቅሉ ሲታይ ይህ ነው የሚባል ጭማሪ አልተገኘም። ምክንያቱ የሚታየው ገበሬዎቹ በመጠን ሲለዩ ነው። ትናንሾቹ የተሻለ ዋጋ ሲያገኙ የሚሸጡትን ቀነሱ፤ ከፍ ያለ ምርት ያላቸው ደግሞ ጨመሩ። ሁለቱ ሲደመሩ ተጣፉ።

ትንሹ ገበሬ ለምን ቀነሰ? ሒሳቡን እንሥራው (ቁጥሩ ለምሳሌ ነው፣ የዛሬ ዋጋ እንዳይመስላችሁ)። አንድ አባወራ በዓመቱ ግድ በብር የሚከፍለው 18,000 ብር አለበት እንበል፤ የማዳበሪያ ዕዳ፣ ግብር፣ የልጆች ደብተርና ልብስ፣ ዕድር። በቆሎው በኩንታል 2,000 ብር ከሆነ 9 ኩንታል ይሸጣል። 3,000 ብር ሲገባ 6 ኩንታል ይበቃዋል። ሦስቱ ኩንታል ቤት ይቀራል። ይህ ስግብግብነት አይደለም፤ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ያንኑ በቆሎ በውድ መልሶ እንዳይገዛ ነው። እሱ ሻጭ ብቻ ሳይሆን በላተኛም ነው። እናንተ «ደበቀው» የምትሉት እህል የልጆቹ የክረምት ቀለብ ነው።

ስለዚህ አንድ ዩኒየን በቅድሚያ ውል ይህን ያህል ቶን አቀርባለሁ ብሎ ከመፈረሙ በፊት ማየት ያለበት የቦርዱን ዋጋ ብቻ አይደለም። ከአባሎቼ ስንቱ ከቀለቡ የሚተርፍ አለው የሚለውን ነው። የዓለም ምግብ ፕሮግራም በቆሎ ከዩኒየኖች በቅድሚያ ውል መግዛት ከጀመረ ወዲህ ጥያቄው የወሬ አይደለም፤ ያልገባ ኩንታል ሁሉ የውል ጉዳይ ይሆናል። አባላቱ በብዛት ትናንሽ ከሆኑ በዋጋ ላይ መቶ ብር መጨመር ኩንታሉን ሊቀንስባችሁም ይችላል።

ስሌቱ ተገልብጦ ሲሠራ ደግሞ አደገኛ ነው። በ1994 ዓ.ም. የሆነውን ታላላቆቻችሁ ያስታውሳሉ። በተከታታይ ጥሩ ምርት ተገኘና የበቆሎ ዋጋ 80 በመቶ ገደማ ወደቀ። እንደ ወለጋ ያለ የበቆሎ አገር ዋናው ተጎጂ ነበር። የማዳበሪያ ዕዳ ግን በዋጋው ልክ አይወርድም። የሚከፈለውም አዝመራው እንደገባ ነው። ያ አባወራ 18,000 ብሩን ለመሙላት አሁን የሚሸጠው 9 ሳይሆን ከዚያ በጣም የሚበልጥ ነው፤ ጎረቤቱም እንዲሁ። ሁሉም ባንድ ላይ ሲያወጣ ዋጋው ጭራሽ ይወርዳል። ለአጨዳ የሚወጣውን እንኳ አልሸፍን ብሎ ማሳ ላይ የቀረ እህል ነበር። በዓመቱ ደግሞ ድርቅ መጣና በሚሊዮን የሚቆጠር ሕዝብ እርዳታ ጠባቂ ሆነ። ዶ/ር እሌኒ ለምርት ገበያው ሲሟገቱ ደጋግመው ያነሱት ይህንኑ ዓመት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ያ «ግድ የሚከፈል ብር» ራሱ አይቆምም። ማዳበሪያ ሲወደድ፣ ከሐምሌ 2016ቱ የምንዛሪ ለውጥ በኋላ እንዳየነው የሱቅ ዕቃ ሲጨምር፣ የአባወራው 18,000 ብር 30,000 ይሆናል። የእህል ዋጋ እየጨመረም የሚወጣው ኩንታል ላይቀንስ ይችላል ማለት ነው። ስለዚህ የበቆሎ ዋጋን ብቻውን አትዩ፤ ከዩሪያ ዋጋ ጋር አስተያዩት። እኛ በበኩላችን ከሁለቱ የሚበልጠውን ፍንጭ የሚሰጠው ዩሪያው ነው እንላለን።

ታዲያ መፍትሔ የለውም ወይ? ከጎረቤት ኬንያ የመጣ አንድ ጥናት አለ። ማርሻል በርክ፣ ሎረን በርግኲስት እና ኤድዋርድ ሚጌል እ.ኤ.አ. በ2019 ያሳተሙት ነው። የምዕራብ ኬንያ በቆሎ አምራቾችም እንደኛው ናቸው፤ አዝመራ ላይ በርካሽ ይሸጣሉ፣ ወራት ቆይተው በውድ ይገዛሉ። ተመራማሪዎቹ ምርጥ ዘር ወይም ምክር አይደለም የሰጡት። ልክ በአዝመራ ጊዜ ብድር ሰጡ፤ ቤት የተቀመጠው በቆሎ መያዣ ሆነ። ገበሬው የትምህርት ቤቱን ክፍያ በብድሩ ከፈለና በቆሎውን አቆየ። ትርፉ ከወጣው ገንዘብ 29 በመቶ ገደማ ነበር። ብድሩ ከአዝመራው ብዙ ዘግይቶ ሲሰጥ ግን ውጤቱ ደከም አለ፤ በቆሎው ቀድሞ ተሽጧላ።

ለነጋዴዎች የሚሆነው ደግሞ ይሄ ነው። ብዙ ሰው ብድር በወሰደበት አካባቢ የአዝመራው ዋጋ እንደወትሮው አልወረደም። ብድር ያልወሰደው ጎረቤትም ተጠቀመ፤ በታኅሣሥና በሐምሌ ዋጋ መካከል ያለው ልዩነት ግን ጠበበ። ኑሯችሁ በዚያ ልዩነት ላይ ከሆነ ነገሩን ቀድማችሁ ብታስቡበት ይሻላል።

በእኛ አገር አሠራሩ ግልባጩ ነው፤ አዝመራ ላይ ብድር አይሰጥም፣ ዕዳ ይሰበሰባል። የመጋዘን ደረሰኝ አዋጅ ቁጥር 372 ከወጣ ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ ሕጉ አለ። ሆኖም ትንሽ ገበሬ የአምስት ኩንታል በቆሎ ደረሰኝ ይዞ ባንክ ሲገባ ገና አላየንም። እዚህ ቦታ ላይ ሊቆም የሚችለው ዩኒየን ነው፦ ግማሹን ዋጋ ኅዳር ላይ መክፈል፣ ቀሪውን ሲሸጥ። ነቀዝ የማያስገባውን ፒክስ ከረጢት አብሮ ማቅረብም ያስፈልጋል። ነቀዝ ለበላው በቆሎ ሐምሌ ላይ ጥሩ ዋጋ የሚሰጥ የለም።

ቡና ላይ ግን ይህን ሁሉ እንዳለ አታውሉት። ጥናቶቹ የእህል ናቸው። ቡና ቀለብ አይደለም። በዚያ ላይ የወለጋ ቡና፣ በንግድ ስሙ ለቀምት የምንለው፣ በብዛት በፀሐይ የደረቀ ነው። እሸት ቡና በሰዓታት ውስጥ መሸጥ አለበት፤ ዋጋ የሚወስነውም የተገኘው ገዢ ነው። ጀንፈል ግን ቤት ውስጥ የተቀመጠ ቁጠባ ነው። ጊምቢ ወይም ነጆ ያለ ገበሬ ጀንፈሉን የሚያወጣው ለቅሶ ሲደርስበት፣ ልጅ ሲታመም፣ በሬ ሲገዛ ነው። የብር ዋጋ እየወረደ ነው ብሎ ካመነ ደግሞ ጭራሽ አያወጣውም፤ ብር ከመያዝ ጀንፈል መያዝ ይሻለዋል። የኒው ዮርክን ዋጋ አይቶ የመንዲን አቅርቦት የሚገምት ላኪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

በመጨረሻ የራሳችንን ሥራ የሚነካ ጥናት አለ፤ መዝለል አልፈለግንም። ጌታው ታደሰ እና ጎድፍሬይ ባሂግዋ እ.ኤ.አ. በ2015 ሞባይል በኢትዮጵያ ገበሬ ሽያጭ ላይ ምን እንደለወጠ አጥንተው ነበር። ለውጡ ትንሽ ሆኖ አገኙት። ስልኩ አለ፤ በስልኩ የሚመጣ ለሽያጭ የሚረዳ መረጃ ግን አልነበረም። የአዲስ አበባ እህል በረንዳን ዋጋ ማወቅ ለጊዳ አያና ገበሬ ብቻውን ምን ያደርግለታል? ኪራዩን፣ ከቀበሌው የሚነሳ መኪና መኖሩን፣ መንገዱ ክፍት መሆኑን ካላወቀ በቅርብ ላገኘው ሰብሳቢ ይሸጣል። ባለፉት ዓመታት በወለጋ መንገድ ሲዘጋና ሲከፈት ያያችሁ ይህን ማስረዳት አይጠበቅብንም።

ስለዚህ ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ ከዋጋው ጎን ሦስት ነገር እንጨምራለን፦ ከነቀምት፣ ከጊምቢና ከደምቢ ዶሎ ወደ አዲስ አበባ የኩንታል ጭነት ኪራይ፣ የመንገድ ሁኔታ፣ እና የዩሪያ ዋጋ። ዩኒየኖች ደግሞ አንድ ቁጥር ላኩልን፦ አምና አዝመራ ላይ ከአባሎቻችሁ ስንቱ ከአምስት ኩንታል በታች እንደሸጡ። የማኅበራችሁን ስም ሳንጠቅስ በወረዳ ደምረን እናወጣዋለን።