ስም ይመሳሰላል፤ ቁጥርሽ ግን የአንቺ ብቻ ነው

ውድ እህቴ፣ እኔም እንዳንቺ ሳልሚያ ውስጥ በሰው ቤት ሠርቻለሁ። ምክር መስጠት ስጀምር የመጀመሪያ ሥራዬ የሚመጡትን እህቶች ኮምፒውተር ላይ መመዝገብ ነበር። ያኔ የሠራሁትን ስህተት ልንገርሽ።

አንዲት እህት ከጃህራ መጣች። የስድስት ወር ደመወዝ አልተከፈላትም። ስሟን በእንግሊዝኛ ፊደል ጽፌ አቤቱታዋን መዘገብኩ። ሌላ ቀን ስትመጣ ባልደረባዬ ስሟን በሌላ አጻጻፍ ፈለገች፤ ስላጣችው እንደ አዲስ መዘገበቻት። ጉዳይዋ በሚታይበት ቀን የተከፈተው ሁለተኛው መዝገብ ነበር። ስለ ደመወዟ አንድም ቃል የለበትም። ቀጠሮዋ ተላለፈ፤ አንገቷን ደፍታ ወጣች።

ለምን በስም ብቻ አይሆንም?

«ጸ»ን አንዱ በሁለት የእንግሊዝኛ ፊደል፣ ሌላው በአንድ ይጽፈዋል። በዓረብኛ ደግሞ «ጸ»ም «ጨ»ም የሉም። በራስና በአባት ስም የሚመሳሰሉ እህቶችም ብዙ ናቸው። የልደት ዘመናችንም ከፈረንጁ በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ይለያል።

መፍትሔው

የሲቪል አይዲ ቁጥር 12 አሃዝ አለው። ግንቦት 4 ቀን 1982 ዓ.ም. የተወለደች እህት ልደቷ በፈረንጅ ሜይ 12 ቀን 1990 ነው፤ ቁጥሯ በ2900512 ይጀምራል። 2 ማለት በ1900ዎቹ የተወለደች ማለት ነው፤ ከ2000 ወዲህ ለተወለዱት 3 ይሆናል። ቀጥሎ ዓመት፣ ወርና ቀን፣ ከዚያ አራት አሃዝ መለያ ይመጣል። የመጨረሻው አሃዝ የአጻጻፍ ስህተትን ለመያዝ ነው።

ባለሙያ ጠርተን በዚህ ቁጥር ላይ «ዩኒክ ኢንዴክስ» አስገባን። ማሽኑ ቁጥሮቹን እንደ መዝገበ ቃላት በተራ ያስቀምጣል። አዲስ ሰው ስንጽፍ መጀመሪያ ያያል፤ ቁጥሩ ካለ «ተመዝግቧል» ብሎ እምቢ ይላል። ሞክሼዎች ግን ቁጥራቸው ስለሚለያይ ሁለቱም ይገባሉ። አስቀድሞ የተደገሙትን ማዋሃድ ነበረብን፤ ድግግሞሽ እያለ ማሽኑ ይህን ሕግ አይቀበልም።

አንድ ክፍተት ግን አለ። በብዙ ዳታቤዝ ባዶ ቦታ እንደ ድግግሞሽ አይቆጠርም። ቁጥሯን የማታውቅ እህት አሁንም ሁለቴ ልትመዘገብ ትችላለች። ሲቪል አይዲ ላልወጣላት የፓስፖርት ቁጥርና አገር አንድ ላይ እንወስዳለን፤ ፓስፖርት ሲታደስ ግን ቁጥሩ ይቀየራል።

አገር ቤትም ፋይዳ 12 አሃዝ አለው፤ አንድ ሰው ሁለቴ እንዳይመዘገብ አሻራ፣ ዓይንና ፊት ይመሳከራል።

አንቺ ምን ታደርጊያለሽ?

1. 12ቱን አሃዝ በቃልሽ ያዢ። በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣው የኩዌት የቤት ሠራተኞች ሕግ ቁጥር 68 አሠሪ ያለፈቃድሽ ፓስፖርትና መታወቂያሽን እንዳይዝ ይከለክላል። ካርዱ በማዳም እጅ ቢሆን እንኳ ቁጥሩን የሚወስድብሽ የለም።
2. ስምሽን ሁልጊዜ ፓስፖርትሽ ላይ እንዳለው አስጽፊ።
3. የትም ስትመዘገቢ «ከዚህ በፊት መጥቻለሁ፤ በቁጥሬ ፈልጉ» በዪ።
4. «ተመዝግበሻል» ቢሉሽ አትደንግጪ። የድሮው መዝገብሽ አልጠፋም ማለት ነው። እንዲከፈትልሽ ጠይቂ፤ አንድ አሃዝ ቀይሮ እንዲያስገባሽ ግን አትፍቀጂ።
5. ለሌላ ሰው ስልክ ወይም ሐዋላ ቁጥርሽን አታበድሪ። የእሷ ዕዳ በአንቺ መዝገብ ይጻፋል።

ዛሬ ማታ ከመተኛትሽ በፊት ቁጥርሽን ሦስት ጊዜ ሳታዪ ጻፊው። ነገ ለጓደኛሽ አስተምሪያት።